ስለ አንድ እግር፦ ለአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በትምህርት ሚኒስቴር የከፍተኛ ትምህርት ሥርዓተ ትምህርትን ለምታዘጋጁ ባለሙያዎች፣
እንዲሁም በየዩኒቨርሲቲው የፍሬሽማን ኮርሶችን ለምታስተባብሩና ለምታስተምሩ መምህራን በሙሉ

ጉዳዩ፦ ሰውን የሚያጠኑ ኮርሶች ለሁለት ሳምንት አንድ ሰው እንዲያዩ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

አዲስ ኮርስ ይከፈት ልላችሁ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «ደግሞ አንዱ መጣ» ብላችሁ ደብዳቤውን ገሸሽ እንዳታደርጉት ነው። ክሬዲት አወር አይጨመርም። ሞጁል አይታተምም። በጀትም አልጠይቅም። የምጠይቀው አሁን ያሉት ኮርሶች ለሁለት ሳምንት ያህል እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ ነው። የሚነጋገሩበትን ርዕስም ይዤ መጥቻለሁ። ርዕሱ እግር ነው።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ የትምህርት ክፍሉን ከመምረጡ በፊት የጋራ ኮርሶችን እንደሚወስድ ታውቃላችሁ። ሳይኮሎጂ አለ። አንትሮፖሎጂ አለ። ኢኮኖሚክስ፣ ሎጂክ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊና ታሪክ አሉ። አካል ጉዳተኞችን ስለማካተት የሚያስተምረው ኢንክሉሲቭነስ አለ። ፊዚካል ፊትነስም አለ። በሐሳብ ደረጃ ይሄ ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም ስደግፈው ቆይቻለሁ። ችግሩ እያንዳንዱ ኮርስ ይዞት የሚመጣው ሰው ለየቅል መሆኑ ነው።

የኢኮኖሚክስ ሰው ሁልጊዜ ያሰላል። ሽንኩርት ሲገዛም፣ ሚስት ሲያገባም ጥቅሙንና ወጪውን ይመዝናል። የሳይኮሎጂው ሰው ያስታውሳል፣ ይረሳል፣ ይጨነቃል፤ የሚኖርበት ቀበሌ ግን አይታወቅም። የአንትሮፖሎጂው ሰው ዘመድ አዝማድ አለው፣ ይድራል፣ ለቅሶ ይደርሳል፤ ሲያመው ግን አናየውም። ባዮሎጂ ክፍል ያለው ሰው ቆዳው ተገፎ፣ ጡንቻው ቀይ ተቀብቶ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የኔው የጂኦግራፊ ሰው ደግሞ የባሰበት ነው። በካሬ ኪሎ ሜትር ስንት ተብሎ የሚቆጠር ነጥብ ነው።

ተማሪው እነዚህን ሁሉ ሰዎች ይቸክላል፤ ይፈተናል፤ ይረሳል። አንድ ሰው መሆናቸውን የሚነግረው የለም።

አንድ ሴሚስተር ላይ የአፈር ምዕራፍ ጨርሰን ጥቂት ደቂቃ ተረፈችን። «ዝሆኔ የያዘው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አልኳቸው። እጅ ያላወጣ ጥቂት ነው። አብዛኞቹ የገጠር ልጆች ናቸው፤ በየመንደራቸው እግሩ ያበጠ ሰው አለ። «ከምን የሚመጣ ይመስላችኋል?» ስላቸው ግን መልሱ ተበታተነ። ከኋላ አንዱ «በዘር ነው» አለ። አንዷ «እባብ የረገጠ ሰው ነው የሚይዘው ይባላል» አለች። ትንኝ ያለ ነበር። እርግማን ያለም ነበር። አንድ ልጅ ደግሞ «ይጋባል፤ ጫማቸውን ማድረግ የለብህም» ብሎ በእርግጠኝነት ተናገረ፤ አጠገቡ ያሉትም ራሳቸውን ነቀነቁለት። ሰሌዳው ላይ ገና ያልጠፋ «ቀይ ሸክላማ አፈር» የሚል የእጅ ጽሑፌ ነበር። ወደዚያ ያየ አልነበረም። አፈር የሚድ ጥያቄ ነው፤ እግር ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ዝሆኔ ስንል ሁለት በሽታ እናደባልቃለን። አንደኛው ትንኝ የምታስተላልፈው ቀጭን ትል የሚያመጣው ነው። ቆላ ላይ፣ ለምሳሌ ጋምቤላ አካባቢ ይገኛል። ሁለተኛው ትልም ትንኝም የለበትም። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ከፍ ባለ መሬት ላይ፣ ዝናብ በሚበዛበት፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ ሸክላማ አፈር ባለበት አገር፣ ለዓመታት ባዶ እግሩን የሚሄድን ሰው የሚይዝ ነው። ወላይታ፣ ጎጃም፣ ኦሮሚያ ውስጥም በብዙ ቦታ ያለው ይሄኛው ነው።

ይህን የለየው ሰው ታሪክ ራሱ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ኧርነስት ፕራይስ እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቷል። በዚያን ጊዜ እግሩ ያበጠ ሰው ሲመጣ ትል ነበር የሚፈለገው። ፕራይስ ዓይኑን ከደሙ አንስቶ ወደ መሬቱ አደረገ። ሕሙማኑ ከየት ከየት እንደሚመጡ አየ፤ ቦታውን ከአፈሩ ዓይነት ጋር አስተያየ። ከዚያ ብሽሽት ላይ ሲያብጡ ንፍፊት የምንላቸው ዕጢዎች ተወስደው ተመረመሩ። ውስጣቸው ሲሊከንና አሉሚኒየም ያለባቸው ደቃቅ ቅንጣቶች ተገኙ።

እስቲ አስቡት። አፈር፣ የሰው ብሽሽት ውስጥ!

ቅንጣቶቹ የሚገቡት በእግር ቆዳ በኩል ነው። የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ይውጧቸዋል፤ ሊፈጯቸው ግን አይችሉም። ከደም ሥር የሾለከውን ፈሳሽ ሰብስበው የሚመልሱት የሊምፍ ቧንቧዎች ይቆጣሉ፣ ይጠብባሉ፣ ይዘጋሉ። ፈሳሹ መመለሻ ያጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው። መጀመሪያ ውስጥ እግር ያቃጥላል፣ ያሳክካል። ከዚያ እብጠቱ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጉልበት ግን አያልፍም ማለት ይቻላል። ገና ሲጀምር ከተደረሰበት ይቀለበሳል። አናቶሚ ብቻ የሚያውቅ ቧንቧው መዘጋቱን ያያል። በምን እንደተዘጋ ለማወቅ ግን አፈር የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ፖዶኮኒዮሲስን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሞቃታማ አካባቢ በሽታዎች ጋር የመደበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አገር አቀፍ የካርታ ሥራ ተሠርቶ ከተመረመሩት አዋቂዎች 4 በመቶው ተገኝቶባቸዋል። ከዚያ በኋላ በወጣ ስሌት በአገሪቱ 1.5 ሚሊዮን ገደማ አዋቂዎች ከበሽታው ጋር እንደሚኖሩ ተገምቷል። ሰሜን አፍሪካና የካናሪ ደሴቶችም ነበረ፤ ሰው ጫማ ማድረግ ሲጀምር ጠፋ።

እዚህ ላይ ደርሰን ብናቆም ደስ የሚል ታሪክ ነበር። ሐኪሙ ጂኦሎጂ አነበበ፣ ምክንያቱ ተገኘ፣ በቃ። ግን አላበቃም። አሁን የምነግራችሁ ክፍል ነው ለኔ ዋናው።

ሁለት ወንድማማቾች አንድ ማሳ ላይ ያርሳሉ እንበል። ሁለቱም ባዶ እግራቸውን ናቸው። አንዱ በሃያ ዓመቱ እግሩ ያብጣል፤ ሌላው ሳይነካው ያረጃል። አፈሩ አንድ ነው። ታዲያ ለምን? የጂኦሎጂ ሰው እዚህ ጋ መልስ የለውም። ስለዚህ የዘረመል ሰዎች መጡ። ሕመሙ በተደጋጋሚ የታየባቸው ቤተሰቦች ትውልድ እየተቆጠረ ተጠንተው፣ በተጋላጭነት ላይ ከሚታየው ልዩነት 63 በመቶ ያህሉ በዘር ሊብራራ እንደሚችል ተገመተ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ወላይታ ላይ 194 ሕሙማንን ከ203 ጤነኞች ጋር አወዳድረው ውጤቱን በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን አሳተሙ። ልዩነቱ የታየው ኤችኤልኤ በሚባሉት፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚለይባቸው ዘረመሎች አካባቢ ነው። የአንዳንዱ ሰው ሰውነት ለአፈሩ ቅንጣት ከሌላው ይልቅ ይቆጣል ማለት ነው።

እንግዲህ ከኋላ ሆኖ «በዘር ነው» ያለው ልጅ ምን ይባል? ተሳስተሃል ልትሉት አትችሉም። ትክክል ነህም አይባልም። የሎጂክ መምህራን፣ እባካችሁ ይህን ጉዳይ ውሰዱት። «ሰው ሁሉ ሟች ነው፣ ሶቅራጥስ ሰው ነው፣ ስለዚህ ሶቅራጥስ ሟች ነው» ከሚለው ምሳሌ ይልቅ ይሄ የተማሪውን ጭንቅላት ያሠራል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በሽታ ሲደጋገም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ምንድን ነው? ዘረመሉ ይተላለፋል። ማሳውም ይተላለፋል፤ ልጅ የሚያርሰው የአባቱን መሬት ነው። ጫማ የሚገዛበት ገንዘብ ማጣቱም ይተላለፋል። ሦስቱም በአንድ ሐረግ ይወርዳሉ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሦስቱም «የዘር» ይመስላሉ። የትኛው ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ለመለየት የዘረመል ሰውም፣ የጂኦግራፊ ሰውም፣ የኢኮኖሚክስ ሰውም አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለባቸው። አንዳቸው ብቻቸውን ቢናገሩ ግማሽ እውነት ይዘው ይወጣሉ። መንደር ውስጥ ግማሽ እውነት ደግሞ ሠርግ ያፈርሳል።

ማጋነን አይደለም። እኛ አገር ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ ሰባት ቤት ይቆጠራል። «እነሱ ቤት እግር አለ» የተባለባት ልጅ ጠያቂ ታጣለች። እግሯ ምንም ባይሆንም ታጣለች። ሕሙማን ከትምህርት ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከዕድር ሲርቁ አንዳንዱን የሚያባርረው ሰው ነው፤ አንዳንዱ ግን ሳይባረር ራሱ ይቀራል። የሳይኮሎጂ መምህራን እዚህ የሚናገሩት አያጡም፤ በሕሙማኑ ላይ የአእምሮ ጭንቀት ከፍ ብሎ መታየቱ ተጠንቷል።

የዘረመል ተመራማሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ናሙና ከመሰብሰባቸው በፊት ቆም አሉ። የቤተሰብ ሐረግ እየሳሉ ቤት ለቤት መዞር ራሱ መልእክት አለው። ጎረቤት ያያል። «ያው፣ ድሮም ብለን ነበር፤ የነእገሌ ዘር ነው» ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰዉን ጠየቁ፤ ምን ትፈራላችሁ፣ ማን ቢያነጋግራችሁ ይሻላል፣ ፈቃድ እንዴት ይጠየቅ ብለው አጠኑ። የመገለል ፍርሃት የፈቃድ አሰጣጥን እንዴት እንደሚነካ ያሳየው ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ሕሙማኑን ቀድመው በሚረዱ የአካባቢው ሰዎች በኩል መቅረብ እንደሚሻል የታወቀውም እንዲህ ተጠይቆ ነው። ደሙ ከመቀዳቱ በፊት የሰዉ ፍርሃት ተጠና። ለኔ ይሄ ከዘረመሉ ግኝት አያንስም። ሥነ ምግባር ማለት ቅጽ ማስፈረም ለሚመስለው ተማሪ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

አሁን የሚያሳፍረውን ልናገር። እዚያው ወላይታ ላይ በጤና ባለሙያዎች መካከል የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው ይጋባል ብለው ያምኑ ነበር። ሲያክሙ እንዳይዛቸውም ይፈሩ ነበር። እነዚህ ሰዎች አናቶሚ ተምረዋል። የእግርን 26 አጥንቶች በስም ቆጥረው ፈተና አልፈዋል። የጎደላቸው የሕክምና ዕውቀት ብቻ አይመስለኝም። ሰውን ከሚቆምበት መሬትና ከሚኖርበት መንደር ነጥሎ ማየት የለመደ ዓይን ነው ያሳሳታቸው። ያንን ዓይን የምናሰለጥነው ደግሞ እኛ ነን፤ ገና በአንደኛ ዓመት።

«ታዲያ መፍትሔው ጫማ ማድረግ ነው፤ ይሄን ለማለት ይህ ሁሉ ወሬ ለምን?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ጫማ ነው። ጫማው ራሱ ግን ትምህርት ቤት ነው። ኢኮኖሚስት እንዲመጣ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ቁጥሩን ያመጡት እነሱን የመሰሉ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት በወላይታ ዞን በሽታው በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያሳጣ ተሰላ። አንድ ሕመምተኛ ከሥራ ቀኑ 45 በመቶውን ያጣል ተባለ። ለእንዲህ ያለ በሽታ በጀት ለማስፈቀድ ከመቶ ፎቶ ይልቅ አንድ እንዲህ ያለ ቁጥር ይሠራል። ግን ኢኮኖሚስቱ ከቁጥሩ ወርዶ ገበያ ይሂድልኝ።

ገበያ ላይ ምን ጫማ አለ? በረባሶ አለ። በረባሶ ከእሾህ ያድናል፤ ጣትና ተረከዝ ግን አቧራ ላይ ነው። ኮንጎ አለ። ርካሽ ነው፤ ፀሐይ ሲሆን እግር ይቀቅላል፣ በቀዳዳው ጭቃ ያስገባል። ደህና ቆዳ ጫማ ያለው ሰው ደግሞ ለገበያና ለበዓል ያስቀምጠዋል፤ እኔም ብሆን አስቀምጠው ነበር። ሰኔ ላይ በሬ ጠምዶ እርጥብ ማሳ ውስጥ የሚገባ ገበሬ ጫማውን ዳር ላይ አውልቆ ነው። ጭቃው ጫማውን ይዞ አይለቅም። እና ቀይ አፈሩ እግሩን በደንብ የሚያገኘው ጫማ ባወለቀበት ሰዓት ነው። እግሩ አንዴ ያበጠ ሰው ደግሞ ቁጥሩ የሚሆን ጫማ ከገበያ አያገኝም፤ በልኩ መሠራት አለበት። ልኩን የሚወስድ ጫማ ሰፊ ያስፈልጋል። ሰፊው እግሩን ለመንካት መፍራት የለበትም። አያችሁ፣ ተመልሰን መንደሩ ውስጥ ገባን።

ሕክምናውም እንዲሁ ነው። በሳሙና መታጠብ፣ በረኪና ጠብ በተደረገበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲያርፉ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ጫማ ማድረግ። ይህ ቀላል እንክብካቤ እብጠቱ ትኩሳትና ሕመም ይዞ የሚነሳባቸውን ቀናት እንደሚቀንስ ምሥራቅ ጎጃም ላይ በተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ሙከራ ታይቷል። ዶክተር ላያስፈልግ ይችላል። ውሃ ግን ያስፈልጋል፤ ውሃው ምንጭ ከሆነና ምንጩ ሩቅ ከሆነ እግሯ ያበጠ ሴት ናት እንስራ ተሸክማ የምትሄደው። የነገው የውሃ መሐንዲስ ፍሬሽማን ሆኖ ይህን ቢሰማ ምን ይከፋል?

ታሪክና አንትሮፖሎጂ የምታስተምሩ ደግሞ «እኛስ?» እንዳትሉኝ። የናንተ እግር ከሁሉም ያምራል። ባዶ እግር በታሪካችን ውርደትም ኩራትም ሆኖ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። በአራተኛው ዓመት ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ደግሞ እንዳሸነፈ ግን ስንቱ ያስታውሳል? ጫማውን ማን ያነሳል! በነገራችን ላይ ይሄ ለፊዚካል ፊትነስም ጥሩ መግቢያ ነው፤ ኮርሱ በየቦታው ወደ ሩጫና ፑሽ አፕ ብቻ ሳይወርድ አልቀረም።

አንትሮፖሎጂ ላይ ድንቅነሽ እንደምትነሳ አውቃለሁ። ተማሪው 3.2 ሚሊዮን የሚለውን ቁጥር ይይዛል። ነገር ግን እዚያው አፋር፣ ወረንሶ ሚሌ ውስጥ ቡርተሌ የሚባል ቦታ የቅሪተ አካል ተመራማሪው የዮሐንስ ኃይለሥላሴ ቡድን ስምንት የእግር አጥንቶች አግኝቷል። ዕድሜያቸው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ነው። አውራ ጣቱ ወደ ጎን የሚከፈት፣ ቅርንጫፍ የሚጨብጥ ዓይነት ነው። የድንቅነሽ ወገኖች ደግሞ በዚያው ዘመን እንደኛ ጎድጓዳ ውስጥ እግር ይዘው ቀጥ ብለው ይሄዱ ነበር፤ ሐዳር ላይ የተገኘች አንዲት የእግር አጥንት ይህን እንደምታሳይ እ.ኤ.አ. በ2011 ተጽፏል። ሁለት ዓይነት እግር፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ አካባቢ። አንትሮፖሎጂ ክፍል ውስጥ ተማሪው ጫማውን አውልቆ ውስጥ እግሩን ቢያይ ደስ ይለኛል። ሽታውን በተመለከተ መስኮት ይከፈት።

እሺ፣ ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ከሚድ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት በየኮርሱ ለአንድ የጋራ ጉዳይ ይሰጡ። እያንዳንዱ መምህር በራሱ ክፍለ ጊዜ፣ በራሱ ምዕራፍ ውስጥ ሆኖ ያስተምር፤ ጉዳዩ ብቻ አንድ ይሁን። ጂኦግራፊ አፈሩንና ካርታውን፣ አንትሮፖሎጂ ጋብቻውንና መገለሉን፣ ኢኮኖሚክስ የሥራ ቀኑንና የጫማውን ገበያ፣ ሎጂክ የምክንያትና ውጤቱን ክርክር ይያዝ። ኢንክሉሲቭነስ ደግሞ አካል ጉዳት ሲነሳ የማይታወሱትን እነዚህን ሰዎች ያንሳ። ከዚያ አንድ አሳይመንት ይሰጥ፤ ሁለት የተለያየ ኮርስ መምህራን አብረው ያርሙት። ከሁሉም የሚከብደው ይሄ የመጨረሻው እንደሆነ አልደብቃችሁም። ሁለት የኛ አገር መምህር አንድ ወረቀት ላይ ተስማምቶ ነጥብ ሲሰጥ ማየት ራሱ ጥናት ይወጣዋል።

ጉዳዩ የግድ ዝሆኔ መሆን የለበትም። እኔ ያነሳሁት በደንብ ስለማውቀው ነው። ወላይታ ሶዶና ደብረ ማርቆስ ላሉት ይሄ የደጃቸው ነው። ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያላችሁ የጥርስ ጉዳይ አላችሁ። የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የልጆቹ ጥርስ ይበልዛል፤ ልጁ ከተማ ሲመጣ ጥርሱን አይተው አገሩን ይነግሩታል። ጎንደር ያላችሁ ጓያ አላችሁ። ድርቅ የሚችል እህል ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ እሱ ይቀራል። ሰው እሱን ብቻ ለወራት ሲበላ ግን እግሩ ይሽመደመዳል። ያ ኬሚስትሪ ነው፣ ታሪክ ነው፣ የእህል ዋጋ ነው፣ ነርቭ ነው። የምትመርጡት ጉዳይ ከግቢው አጥር ብዙ ባይርቅ ይሻላል።

«ይሄ የጤና ተማሪዎች ጉዳይ ነው» የሚለውን ተቃውሞ ከወዲሁ ልመልስ። የጤና ተማሪ ይማረው፤ ግድ ነው። ገበሬው ጋ ማሳ ላይ የሚቆመው ግን የግብርና ባለሙያው ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትቀር ቀድሞ የሚያውቀው መምህሩ ነው። የወረዳውን በጀት የሚደለድለው አካውንቲንግ ወይም ማኔጅመንት የጨረሰ ሰው ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚገኙት አንድ ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ዲፓርትመንት ይመረጣል፣ ሁሉም በየአቅጣጫው ይሄዳል። ዶርም ውስጥ እንኳ እርስ በርስ «የናንተ ትምህርት ይቀላል» ከመባባል በቀር ስለ ትምህርታቸው አያወሩም።

ሌላው ተቃውሞ የሥራ ጫና ነው። ይሄ እውነተኛ ነው፤ አላቃልለውም። አንድ ፍሬሽማን መምህር ስንት ክፍል እንደሚይዝ እኔም አውቀዋለሁ። ስለዚህ ነው ሁለት ሳምንት ያልኩት። አስተባባሪው አንድ ጊዜ ሰብስቦን፣ ቡና አስፈልቶ፣ ማን ምን እንደሚይዝ ብንነጋገር ይበቃል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሁሉም ኮርስ ባይገባ ሦስት ኮርስ ይግባ። ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂና ሎጂክ ቢጀምሩት መልካም ነው እላለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሕመምተኛ ክፍል አምጥታችሁ ፊት ለፊት አታቁሙ። ተማሪዎችንም በአውቶቡስ ጭናችሁ ሰው ቤት እንዳትወስዱ። ፎቶ ካሳያችሁ ፊት የማይታይበት ይሁን። ክፍላችሁ ውስጥ አባቷ ወይም አያቷ እንዲህ የሆኑባት ተማሪ መኖሯን ቁጠሩ፤ አለች። በዚያች ቀን እኔም ክፍል መልሱ ሲበታተን አንዲት ተማሪ አንገቷን ደፍታ ደብተሯ ላይ መስመር ስታሰምር አይቻለሁ። ምክንያቷን አልጠየቅኋትም፤ አሁንም አልጠይቃትም። ግን «ይጋባል» ያለውን ልጅ መልስ ሳላርም ክፍለ ጊዜው እንዲያልቅ አልፈቀድኩም።

የምጠቀምበትን ንድፍ፣ የአፈር ካርታውንና የአሳይመንቱን ጥያቄዎች አዘጋጅቻለሁ። የምትፈልጉ ካላችሁ በነፃ ውሰዱት፣ ቀይሩት፣ ለአካባቢያችሁ አስማሙት። ከሚኒስቴሩ የምፈልገው አንድ ገጽ ሰርኩላር ነው፤ «ኮርሶች በጋራ ጉዳይ ላይ እንዲያስተምሩ ይበረታታል፤ የጋራ አሳይመንቱም ከተከታታይ ምዘናው ውስጥ ይያዛል» የሚል። ያለዚያ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች «ከሞጁሉ ወጣችሁ» ይሉናል። የሚቀጥለው ሴሚስተር የትምህርት መርሐ ግብር ከመጽደቁ በፊት ቢደርሰን ለመጀመር ይበቃናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አንድ የአንደኛ ዓመት ጂኦግራፊ መምህር